ክብደቱስ ስንት ነው? ለትልቅ የጎማ ዓሣ ዘንግና ክር ስለመምረጥ

ከአዘዞ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ፣ ጅራታቸው የሚወዛወዝ ትልልቅ የጎማ ዓሦች ላከልኝ። ርዝመታቸው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎርጎራ ወስጄ በ2.10 ሜትር ዘንጌ መወርወር ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ውርወራ ዘንጉ ከመጋጠሚያው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተሰበረ። ክሩ 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ነበር። አጎቴ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ይመጣል። ምን ዓይነት ዘንግና ክር እንዲያመጣልኝ ልንገረው? ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጫሞ የመሄድ ሐሳብ ስላለን፣ ለጣናም ለጫሞም የሚሆን አንድ ዘንግ ቢገኝ ደስ ይለኛል።»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዘንግህ መሰበር አሳዝኖኛል። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ቁጥር ይጎድለዋል። የጎማ ዓሦቹን ርዝመት ነገርከኝ፤ ክብደታቸውን ግን አልነገርከኝም። ዘንግ የሚመረጠው ደግሞ በክብደት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የጎማ ዓሦች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ ሆዱ ባዶ ሆኖ 50 ግራም፣ ሌላው እርሳስ ተቀብሮበት 130 ግራም ሊመዝን ይችላል። ለዓይን መንትዮች ይመስላሉ፤ ለዘንግ ግን እንደ በግና እንደ በሬ ይለያያሉ።

ስለዚህ ለአጎትህ ከመደወልህ በፊት አንዱን ከነመንጠቆው ይዘህ ፒያሳ ወርቅ ቤት ጎራ በልና አስመዝነው። ግራም የሚለይ የቅመም ሚዛንም ይበቃል። ለዚህ መልስ ስል ግን 110 ግራም ነው ብዬ ልነሳ፤ እርሳስ ያለባቸው የዚህ መጠን የጎማ ዓሦች ብዙውን ጊዜ በዚህ ዙሪያ ይውላሉ።

አሁን ወደ ተሰበረው ዘንግ እንመለስ። ከእጀታው ከፍ ብሎ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ቁጥር አለ። በግራም ወይም በአውንስ ይጻፋል፤ 1 አውንስ 28 ግራም ያህል ነው። ቁጥሩ ዘንጉ ሊወረውር የተሠራበትን ክብደት ይናገራል። ስለሚይዘው ዓሣ ክብደት የሚናገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ የተነሳ የተሰበሩ ብዙ ዘንጎች እጄ ገብተዋል። በ2.10 ሜትር ተራ ዘንግ ላይ ዘወትር የማገኘው ከ10 እስከ 30 ግራም የሚል ነው። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ከሦስት እጥፍ የበለጠ ጭነሃል ማለት ነው።

የሚወረወር ክብደት ደግሞ ከሚንጠለጠል ክብደት ጋር አንድ አይደለም። 110 ግራሙን ጫፉ ላይ ሰቅለህ ዝም ብትል ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ይቆም ነበር። ክንድህን ወደ ኋላ ወስደህ ድንገት ወደ ፊት ስትወነጭፈው ግን ያ ክብደት ባለበት መቆየት ስለሚፈልግ ዘንጉን በብዙ እጥፍ ይጎትተዋል። ጫፉ የሚችለውን ያህል ከታጠፈ በኋላ ጫናው ወደ ታች ይወርዳል፤ ወርዶም መጋጠሚያው ዘንድ ሲደርስ ድርብ ሆኖ የማይታጠፍ ክፍል ያጋጥመዋል። በሚታጠፈውና በማይታጠፈው ድንበር ላይ ይሰበራል። ያንተ ዘንግ የተሰበረውም በዚያው አካባቢ ነው።

ለ110 ግራም የሚሆነው ዘንግ ላይኛው ቁጥሩ ከ170 እስከ 230 ግራም የሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለትልልቅ የጎማ ዓሦች በሚሠሩ ዘንጎች ላይ ከ2 እስከ 8 አውንስ የሚል ጽሑፍ በብዛት ታገኛለህ፤ ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ ከ57 እስከ 227 ግራም ነው። 110 ግራም እዚያ መካከል ላይ በምቾት ይቀመጣል። ወደ ጣሪያው የተጠጋ ክብደት ቀኑን ሙሉ መወርወር ዘንጉንም ክንድንም ይጨርሳል። ኃይሉን የሚገልጸው ቃል «ሄቪ» ወይም «ኤክስትራ ሄቪ» ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ፋብሪካ «ሄቪ» ያለውን ሌላው «ሚዲየም ሄቪ» ይለዋልና አጎትህ ቃሉን ትቶ ቁጥሩን ያንብብ።

ርዝመቱ 2.40 ሜትር ገደማ ይሁን፤ በእነርሱ አቆጣጠር 8 ጫማ። ረጅም ዘንግ ከባድ ነገርን በዝግታና በሰፊ ቅስት ይልካል፤ መንጠቆ በምትተክልበት ጊዜም ውኃው ላይ የተኛውን ክር በአንድ ስበት ሰብስቦ ያነሳልሃል። ከ2.60 ሜትር በላይ ግን አትሂድ። ጀልባ ላይ ከጓደኞችህ ጋር ተቀምጠህ ከኋላህ ያለውን ሰው ፊት በመንጠቆ የመግረፍ አደጋ አለው፤ ዓሣውን ወደ ጀልባው ስታቀርብም ከእጅህ እየራቀ ያስቸግርሃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገርህ፤ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። ዘንጉ የሚታጠፈው የት ነው? ጫፉ ብቻ የሚታጠፍ ዘንግ አለ፤ ከወገቡ ጀምሮ የሚታጠፍም አለ። የመጀመሪያው ለቀላል ነገርና ለፈጣን እጅ መልካም ነው። ለትልቅ የጎማ ዓሣ ግን ጫፉ ለስለስ ብሎ ወገቡ ጫናውን የሚካፈል፣ ከእጀታው በላይ ያለው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ የማይበገር ዘንግ ይፈለጋል፤ በጽሑፉ «ሞደሬት ፋስት» ይሉታል። ምክንያቱ ሦስት ነው። ከባዱ ዓሣ ሲወረወር ወገቡ እንደ ወንጭፍ ተጭኖ ይለቀዋል፤ ጫፉ ብቻ ሲደክም አትመለከትም። አዳኙ ዓሣ መጥቶ ሲይዝ ደግሞ ወዲያው ድርቅ ያለ ነገር አይገጥመውም፤ ዘንጉ ትንሽ ይከተለውና መንጠቆው አፉ ውስጥ ለመዞር ጊዜ ያገኛል። ሦስተኛው፣ ከዚህ በታች የምመክርህ ክር ከሞላ ጎደል የማይለጠጥ ስለሆነ ዓሣው ራሱን ሲያራግፍ ድንጋጤውን የሚውጥለት ዘንጉ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የእጅም ልማድ መቀየር አለበት። ትንሽ መንጠቆ ስትጠቀም ዓሣው እንደነካ ነጠቅ ታደርግ ነበር። በትልቅ የጎማ ዓሣ እንዲህ ካደረግህ ገና በግማሽ የተያዘውን ነገር ከአፉ ትነጥቀዋለህ። ስሜቱ ሲደርስህ ማጠንጠንህን ቀጥል፤ ክሩ ወጥሮ የዓሣው ክብደት እጅህ ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ ዘንጉን ወደ ጎን በሰፊው ጥረገው። ውርወራውም እንዲሁ ነው፦ የጎማውን ዓሣ ከጫፉ አንድ ሜትር ያህል አንጠልጥለህ፣ ወደ ኋላ ወስደህ፣ ክብደቱ ዘንጉ ላይ መጫኑን ስታውቀው ሳትቸኩል ወደ ፊት ግፋው። እህል በመንሽ የሚያዘራ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሄድ አስበው።

ዘንጉ ከካርቦን ብቻ የተሠራ ቢሆን ቀላልና ስሜት የሚያስተላልፍ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ወይም ብረት ሲነካው ሳይታይ ይሰነጠቅና ሌላ ቀን ዓሣ ይዞ ሳለ ይሰበራል። ካርቦንና የመስታወት ጭረት የተደባለቀበት ዘንግ ትንሽ ይከብዳል፤ መገጨትን ግን ይችላል። ከጎንደር አርባ ምንጭ ድረስ በአውቶቡስ ለሚጓዝ ሰው ድብልቁን እመርጥለታለሁ። እንደ ጃንጥላ እየተመዘዘ የሚረዝመውን ዘንግ ግን አጎትህ በነፃ ቢያገኝም እንዳያመጣ። መጋጠሚያው አምስትና ስድስት ነው፤ መጋጠሚያ ምን እንደሚያደርግ አንተው አይተሃል።

ሁለት እኩል ቦታ የሚከፈል ይሁን። 2.40 ሜትሩ 1.20 ይሆናል፤ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም ይጓዛል። ማስቀመጫውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሰፋ ያለ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ በ1.30 ሜትር አስቆርጠህ ሁለት ክዳን ግዛለት፤ ውስጡን በጨርቅ ደልድለው።

ስለ ክር ማጠንጠኛው ባትጠይቀኝም ማለፍ አልችልም፤ ዘንጉ በእርሱ ይወሰናልና። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የጎማ ዓሣ የሚወረውሩት አብዛኞቹ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውንና በአውራ ጣት የሚቆጣጠሩትን ማጠንጠኛ ይጠቀማሉ። ጉልበተኛ ነው፤ እጁ ለለመደ ሰው የሚተካው የለም። ላልለመደ ሰው ግን ጣቱ ለቅጽበት ከዘገየ መጠቅለያው ከክሩ ቀድሞ ይሽከረከርና ክሩ ይተበተባል። 110 ግራም በአየር ላይ እየበረረ ክሩ ድንገት ሲያዝ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፦ ክሩ ይበጠሳል፣ የጎማው ዓሣ ብቻውን ይሄዳል። ጎንደር ላይ ምትክ የማታገኝለትን ነገር በዚህ መልክ ማጣትህን አልፈልግም። ስለዚህ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለውን፣ አሁን የለመድከውን ዓይነት፣ ነገር ግን ትልቁን ያምጣልህ፤ በመጠን ቁጥሩ ከ6000 እስከ 8000 ያለው ይሁን። ዘንጉም ለዚሁ ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ቀለበቱ ሰፊ ነው፣ እጀታው ሥር ለጣት የወጣ ጥፍር የለውም። አጎትህ ይህን ካላየ ዘንግና ማጠንጠኛ የማይጋጠሙ ሁለት ዕቃዎች ይዞ ይመጣል።

ወደ ክሩ እንምጣ። ሦስት ዓይነት አለ፦ ናይለን፣ ፍሎሮካርቦን እና ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች የተጎነጎነው ጉንጉን ክር። ናይለን ይለጠጣል፤ ረጅም ርቀት ላይ መንጠቆ ለመትከል ስትስብ ጉልበትህ በመለጠጡ ያልቃል። ውኃ ይጠጣል፣ ሲርስ ትንሽ ይደክማል፣ ፀሐይም ይጎዳዋል። ግን ርካሽ ነው፣ መፋቅን ይችላል፣ ቋጠሮው አስተማማኝ ነው። ፍሎሮካርቦን ከውኃ በጣም ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ለውኃ ስለሚቀርብ በጠራ ውኃ ውስጥ ከናይለን ያነሰ ይታያል። ጉንጉኑ ክር ለውፍረቱ ከሁሉም ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም፣ ይንሳፈፋል፣ በሹል ነገር ግን ወዲያው ይቆረጣል።

በምስል የምታያቸው የካሊፎርኒያ አጥማጆች 20 እና 25 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን ሲያወድሱ ሰምተህ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ትልቁ የጎማ ዓሣ ጎልቶ የወጣው በዚያ አገር ነው፤ ግድቦቹ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ይለቀቅ ነበር፣ ትልልቆቹ ባስ ዓሦችም እርሱን እየበሉ ይወፍሩ ስለነበር አጥማጆቹ ትራውት የሚመስል የጎማ ዓሣ አበጁ። ውኃው የጠራ ነው፣ ባሱ ደግሞ ተጠራጣሪ ነው፣ ስለዚህ የማይታይ ክር ይፈልጋሉ። የእኛ ውኃ ሌላ ነው። ጣና በክረምት ከየወንዙ የሚገባውን ደለል ታውቀዋለህ፤ ጫሞም ድፍርስ ነው። በድፍርስ ውኃ ላይ ላለመታየት ብሎ ውድ ክር መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

ስለዚህ ለጫሞ ከ50 እስከ 65 ፓውንድ የሚችል ጉንጉን ክር ያምጣልህ፤ ከ23 እስከ 30 ኪሎ ግራም ማለት ነው። 300 ሜትር ይሁን። የሚገጥምህ ናይል ፐርች ነው፤ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊደርስ የሚችል ዓሣ ስለሆነ መጀመሪያ ሲሮጥ የምትሰጠው ክር ሊኖርህ ይገባል። ጉንጉኑን ከመጠቅለልህ በፊት መጠቅለያው ላይ ጥቂት ዙር ናይለን አስቀድም፤ አለበለዚያ ጉንጉኑ ባዶው ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ክሩ ሲሳብ የሚይዘው የማጠንጠኛው ፍሬን የላላ እየመሰለህ ስታጠብቅ ትውላለህ።

ከጉንጉኑ ጫፍ ላይ ወፍራም ናይለን መቀጠል ግዴታ ነው። ይህን በመራራ ልምድ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ጫሞ ስሄድ ጉንጉኑን ያለ ቅጥያ በቀጥታ ከመንጠቆው ጋር አሰርኩት። ዓሣው ያዘ፣ አንድ ጊዜ ከውኃው ወጥቶ ራሱን አራገፈ፣ ክሩም በጉንጩ ክዳን ጠርዝ እንደ ምላጭ ተቆረጠ። ሁለት ትልልቅ መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ ሄደ። ስለ ጠፋው ዕቃ ረስቼዋለሁ፤ ያ ዓሣ እንደዚያ ሆኖ መሄዱ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ናይል ፐርች አፉ እንደ ሞረድ ሻካራ፣ የጉንጩ ክዳን ደግሞ ስለታም ነው። ከ80 እስከ 100 ፓውንድ የሚችል፣ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ናይለን አንድ ሜትር ያህል ቀጥልበት። ርዝመቱን አንድ ሜትር ያልኩት ቋጠሮው ስትወረውር ከጫፉ ቀለበት ውጭ እንዲቀር ነው፤ ወፍራም ቋጠሮ በቀለበት ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ይመታዋል፣ ቀለበቱንም ይሰነጥቀዋል። ጫሞ ውስጥ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ ታይገርፊሽም አለ፤ የጎማ ዓሦችህ ጅራት ተቆርጦ ሲመለስ ካየህ ቅጥያው ጫፍ ላይ አንድ ስንዝር ሽቦ ጨምርበት።

ናይለኑን ከጎማው ዓሣ አፍንጫ ጋር ስታስር ቋጠሮውን አጥብቀህ አትጨርሰው፤ ትንሽ ልቅ ቀለበት ተውለት። 1 ሚሊ ሜትር ክር እንደ ሽቦ ድርቅ ያለ ነው፤ አፍንጫው ላይ ከተጣበቀ አካሉ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል። ያ የጎማ ዓሣ ዋጋ ያለው ደግሞ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ማንኛውንም ቋጠሮ ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው፤ ደረቅ ናይለን ሲፋተግ በሙቀት ይጎዳል።

ፍሬኑን በግምት አታስተካክል። 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የክሩን ጫፍ ጀሪካኑ ላይ እሰር፣ ከደረጃ ወይም ከሰገነት ላይ ቆመህ ዘንጉን ወደ ጀሪካኑ አቅጣጫ ቀጥ አድርገህ አዘንብል፤ ክሩ ከመጠቅለያው እየተንሸራተተ ጀሪካኑ በዝግታ እስኪወርድ ድረስ ፍሬኑን አላላ። ለመጀመሪያ ጉዞህ ይህ ይበቃሃል። ዘንጉን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ምሰሶ አድርገህ ጀሪካኑን ለማንሳት ግን አትሞክር፤ ዓሣም ጀልባው አጠገብ ሲደርስ እንዲሁ። በዚያ አቋም ጫናው ሁሉ ጫፉ ላይ ይወድቃል፣ የትኛውም ዘንግ አይችለውም።

ጫሞ ስትሄዱ ከባሕሩ ዳር ቆማችሁ አትወርውሩ። አዞውም ጉማሬውም እዚያው ነው። ውኃውን የሚያውቅ ጀልበኛ ያዙ፤ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ቦታ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለጣናም ለጫሞም አንድ ዘንግ ይሆናል ወይ ላልከኝ መልሴ አይሆንም ነው። ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም፤ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍም። ጣና ውስጥ ዓሣ ከሚበሉት ዋነኞቹ ነጭ ዓሣ ብለን ከምንጠራቸው ወገን ናቸው። ከአሥር በላይ ዓይነት አላቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚውጡት ትንንሽ ዓሣ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የጎማ ዓሣ ለእነርሱ ምግብ አይመስልም፤ ጎርጎራ ላይ ዘንግህ ባይሰበርም ኖሮ ባዶ እጅህን የምትመለስ ይመስለኛል። ለጣና ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከ10 እስከ 20 ግራም የሆነ የጎማ ዓሣ ይበቃል። ክሩ 15 ወይም 20 ፓውንድ ጉንጉን፣ ቅጥያው 0.40 ሚሊ ሜትር ናይለን ይሁን። እምቦጭ ባለበት ዳር ስትወረውር ጉንጉኑ ሥሩን እየቆረጠ ይወጣልሃል፤ 0.30 ናይለኑ ግን እዚያው ይቀር ነበር።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ነጭ ዓሦቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም የወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያ ወቅት አንድ ቦታ ላይ ብዙ ስለሚገኙ መያዝ ይቀላል። መረብ ወንዝ አፍ ላይ እየተዘረጋ ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኗል። አንተ በዘንግ የምትይዘው ጥቂት ቢሆንም፣ እንቁላል ያዘለች ዓሣ መገጭ አፍ ላይ ከምትይዝ ጥቅምት እስኪያልፍ ታግሠህ ባሕሩ ላይ ብትሞክር ደስ ይለኛል። የመንጠቆውንም እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው፤ የምትለቀው ዓሣ ሳይቀደድ ይሄዳል። የተቀደደ የጎማ ዓሣ ውኃ ውስጥ አትጣል፤ ዓሣ ከዋጠው አይፈጭለትም።

የጣናው ዘንግ ደግሞ አለህ፤ የተሰበረው ነው። ሁለቱንም ቁራጭ አስቀምጥ። የተሰበረው ከመጋጠሚያው ስንዝር ላይ ከሆነ ቀዳዳው ሰፊ ስለሚሆን ለመጠገን ያመቻል፦ ከሌላ አሮጌ ዘንግ ላይ ውስጡ ልክ የሚገባ 10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይቆረጣል፣ ግማሹ ከታች ግማሹ ከላይ ገብቶ ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚደርቀው ማጣበቂያ ይያያዛል፣ ከውጭ በጠንካራ የስፌት ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ይጠመጠምና ማጣበቂያው ይቀባበታል። 24 ሰዓት ሳይነካ ይደር። በዚያ ቦታ ላይ እንደ ቀድሞው አይታጠፍም፤ 15 ግራም ግን ያለ ችግር ይወረውርልሃል።